«በስንት ሌንስ አነሳኸው?»

የሥነ ጥበብ ሒስ በአገራችን አላደገም የሚሉ ሰዎች በአዲስ አበባ የቡድን ፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ መክፈቻ ላይ ተገኝተው የሚያውቁ አይመስሉም። እዚያ ሒስ ከማደግም አልፎ በሁለት ዐረፍተ ነገር ተጠቃሏል፤ «በጣም አሪፍ ሥራ ነው!» እና «በስንት ሌንስ አነሳኸው?»። ሐያሲውም ባለሥራውም ፎቷቸው ጎን ለጎን የተሰቀለ ባልደረቦች ናቸውና ፍርዱ ይግባኝ አይባልበትም። «እከክልኝ ልከክልህ» ነጭ ግድግዳና መብራት ተሟልቶለታል። እውነተኛው አስተያየትማ አለ፤ ጨዋ ስለሆነ ግን ባለቤቱ ወጥቶ ማኪያቶ እስኪቀርብ ይታገሣል።

የዚህን ሒስ ፍሬ ለማየት ከግድግዳው የማይጠፉትን ፎቶዎች ማየት ይበቃል፤ ነጠላ የለበሱ የላሊበላ ምእመናን፣ በጥቁርና ነጭ የተነሡ ፊታቸው የተጨማደደ አዛውንት፣ ፊቱን ነጭ የተቀባ የኦሞ ሸለቆ ልጅ። ርእሳቸው «ተስፋ»፣ «ጽናት»፣ «ማንነት» ነው፤ ቢቀያየሩም የሚያውቅባቸው የለም። ልጁን ቀረብ ብለን እንየው። በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አፐርቸሩ እስከ 1.4 ተከፍቶ ሲነሣ ዐይኑ ጥርት ይላል፤ ጆሮው ይደበዝዛል፤ ከኋላው ያለው ቤት፣ ከብትና ሰው ቀልጦ እርጎ ይመስላል። ልጁ የት እንደሚኖር፣ ከማን ጋር እንደቆመ ፎቶው አይነግረንም። በዚያ አካባቢ ጎብኚ ለፎቶ ገንዘብ እንደሚከፍል፣ ጌጡም ለካሜራ ሲባል እንደሚበዛ የታወቀ ነውና «ይህ የማን ማንነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። ባልደረባው ግን «ብለሩ ይገላል!» ብሎ ያልፋል። ከእንዲህ ያለው ሒስ የሚያተርፍ ቢኖር ሌንስ ነጋዴው ነው።

«ዘርፉ ገና ለጋ ነው፤ ጠንካራ ቃል ጀማሪውን ይሰብረዋል» የሚሉ አሉ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ከሆኑ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ይህን ያህል ዘመን ለጋ ሆኖ መቆየት ራሱን የቻለ ተአምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ የመሠረተችው የፎቶግራፍ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስት፣ የፖርትፎሊዮ ግምገማን ከመርሐ ግብሩ አንዱ ሲያደርግ ጀማሪዎችን ለመስበር አልነበረም። ጀማሪውን የሚሰብረውስ ስሕተቱን በጊዜው ሳይሰማ ዓመታት አሪፍ ሲባል መኖሩ ነው።

«ጥበብ እንደየዐይኑ ነው» ለሚሉት ደግሞ፣ «አሪፍ ነው» የሚለውም ያው የዐይን ፍርድ ነውና ለእሱ ምክንያት የማይጠየቀው ለምንድን ነው? የትኛው ፎቶ የጎረቤቱን እንደሚደግም፣ የትኛው ቢወርድ ሌሎቹ እንደሚጎሉ፣ የትኛው ርእስ እንደሚዋሽ ግን ግድግዳው ፊት ቆሞ በጣት ማሳየት ይቻላል።

ይህን ማድረግ ወዳጅነት ያሻክራል ከተባለ፣ ወጪ የሚቀንስ ሌላ መላ አለ። ለሚቀጥለው ዐውደ ርእይ ፎቶ ማተምና ፍሬም ማስገባት ይቅርና ሌንሶቹን ከነዋጋቸው እንስቀላቸው፤ ከሒሱ አንዲት ቃል አትጎድልም።