ዋጋ ጠይቆ የሚሄድ

ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለን ሰዎች ሁሉ አንድ የምንጠላው ዓይነት ደንበኛ አለ። ዕቃውን ከላይኛው መደርደሪያ ያስወርዳል፣ ካርቶኑን ያስከፍታል፣ ቻርጀሩን ሶኬት ላይ አስሰክቶ ያስሞክራል፣ "የመጨረሻው ስንት ነው?" ይላል፣ ከዚያ "ዞሬ እመጣለሁ" ብሎ ይወጣል። አይመጣም። እኔ ይህን ሰው ገና በአረማመዱ አውቀዋለሁ። ስለዚህ የድሬና የሐረር ኮሌጆች ሬጅስትራሮች ገና ከበር ሲያዩኝ ለምን ወደ ወረቀታቸው እንደሚያቀረቅሩ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም።

ነርስ መሆን እፈልጋለሁ። ይህን ማለት ስጀምር ያልተወለደው ልጄ ዛሬ ፊደል ቆጥሯል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ዕቅዱ ሁልጊዜ የሚወለደው ከምሳ በኋላ ነው። ድሬ ፀሐዩ ሲከር ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉ ጥላ ፍለጋ ይገባል፣ በርጫው ይዘረጋል። ስምንት ሰዓት ላይ ኮሌጁን መርጫለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመርቄ ድል ጮራ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ጋውኔን እያውለበለብኩ እሄዳለሁ፤ ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ያማክሩኛል። አሥር ሰዓት ላይ ሱቁ ይከፈታል፣ አንዱ መጥቶ "ይሄ ኬብል ታይፕ ሲ ነው?" ይላል፣ ነርሱ እዚያው ያርፋል።

ለምን ነርስነት እንደሆነ ሲጠይቁኝ "ሰው መርዳት ስለምወድ" እላለሁ። ዋናው ምክንያት ግን የአክስቴ ልጅ ናት። ሚኒሶታ ገብታ መጀመሪያ ሲ ኤን ኤ የሚሉትን የሳምንታት ሥልጠና ወሰደች። ሌሊት ሌሊት አረጋውያን እያጠበችና እያገላበጠች በሥራው መሃል ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማረች። የሁለት ዓመቱን የነርስ ዲግሪ ይዛ ኤንክሌክስ የተባለውን የፈቃድ ፈተና አለፈች። አሁን ስትደውል በሰዓት ስንት እንደሚከፈላት ትነግረናለች። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ጆሮዬ የያዘው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሽማግሌ ማገላበጥ የሚለው ጋ ኔትወርክ ይቆራረጥብኛል።

ባለቤቴ ነገሩን ገና ድሮ ነቅታበታለች። አንድ ማታ ታሪክ ጠቀስኩባት። የጃንሆይ ልጅ ልዕልት ፀሐይ እንኳ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራለች፣ የንጉሥ ልጅ ያላፈረችበትን እኔ ላፍርበት ነው ወይ አልኳት። "እሷ የንጉሥ ልጅ ሆና የሰው ልጅ ሽንት ጨርቅ ቀይራለች" አለችኝ፣ "አንተ የልጅህንም አልቀየርክም።" በሌላ ቀን መልስ አገኝለታለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አጥንቼዋለሁ፤ ማጥናት ላይ ማንም አይደርስብኝም። እንደ እኔ ዕድሜው ለገፋና ሥራ ለያዘ ሰው ርካሹ መንገድ የቱ እንደሆነ ጠይቁኝ፣ እስከ መግሪብ አስረዳችኋለሁ።

በጣም ርካሹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ1996 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት ሥርዓት አሁን ትፈርማለህ፣ ስትመረቅ ከደመወዝህ ቀስ እያለ ይቆረጣል። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አፍንጫችን ሥር አለ፤ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ለሚወርድ ደግሞ የሐረማያ የጤና ካምፓስ አለ። የሚያስፈልገው የ12ኛ ክፍል ፈተናን ማለፍ ብቻ ነው። "ብቻ" ያልኩት እኔ ነኝ። በ2014 ከተፈተነው ወጣት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። እነሱ ትምህርቱ ትናንት ከአፋቸው ያልወጣ ልጆች ናቸው። እኔ በግል ተፈታኝነት ልቀመጥ ብዬ የባዮሎጂ መጽሐፍ ገዛሁ። ሴል የሚለው ምዕራፍ ላይ የቡና ስኒ ተቀምጦበት የቀረ ክብ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ እንደ አዲስ ነው።

ሁለተኛው በደረጃ ተምሮ፣ ሲ ኦ ሲ ተፈትኖ፣ ሥራ ይዞ፣ እየተከፈሉ ዲግሪውን ማሟላት ነው። አገር ያቆሙት ነርሶቻችን ብዙዎቹ በዚህ በኩል የመጡ ናቸው። ይህን የነገረኝን ሰው "በዚህ ዕድሜዬ ከደረጃ ልጀምር?" አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ ምን ላይ እንደደረስኩ አልጠየቀኝም፣ ጨዋ ነው።

በርቀት እንዳለም አጠያይቄያለሁ። የአንዱ ሬጅስትራር መስኮት ጋ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ አየችኝና "መርፌውን በፖስታ ልትወጋ ነው?" አለችኝ።

የቀረው የግሉ ነው፤ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ፣ ክፍያው በክሬዲት ተቆጥሮ። እዚህ ላይ ነው ሙያዬን ያዋረድኩት። ከሁሉም የሚረክስ አንድ ኮሌጅ አገኘሁ፣ ስሙ ይቅር። ገብቼ እንደ ለመድኩት ተከራከርኩ፦ ሙሉውን በካሽ ብከፍልስ? ጋውኑ ከዋጋው ጋር ነው? ወንድሜን ይዤ ብመጣስ? ሰውዬው ወዲያው ቀነሰልኝ። እስቲ አስቡት፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በንግድ ነው፤ ቶሎ እሺ የሚል ሻጭ ዕቃው ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔም ቶሎ እሺ የምለው በየትኞቹ ዕቃዎች ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የእውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ካምፓስና ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ ለየብቻው መሆኑን የነገረኝ አንድ አስተማሪ ደንበኛዬ ነው፤ ፈቃዱን እይ፣ ከሰጪው ባለሥልጣንም አጣራ አለኝ። ሄጄ ስጠይቅ ፈቃዱ አለ፣ የአካውንቲንግ ነው። የነርስነቱ "በሂደት ላይ" ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰው "ኦሪጅናል ነው?" እያለ ሲጠይቀኝ "ወላሂ ኦሪጅናል!" እያልኩ የምውል ሰው፣ አራት ዓመት ልገዛ ገብቼ ጥያቄዋን ረሳኋት።

ያ አስተማሪ አንድ ሌላም ነገር ነገረኝና እንቅልፍ ነሳኝ። የመውጫ ፈተናው በ2015 ለሁሉም የዲግሪ ተማሪ ሲጀመር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ አልፈዋል፤ ከግሉ ግን 17 በመቶ ያህሉ ብቻ። የጤና ተማሪ ደግሞ ከዚህ ሌላ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለበት። ርካሽ ከፍሎ መውደቅ ውድ ከፍሎ ከማለፍ ይበልጥ እንደሚወደድ በካልኩሌተር ሠርቼ አየሁት። ከዚያ ካልኩሌተሩን ሸጥኩት፤ ገበያ ላይ ነኝ።

አንድ ቀን የታችኛው ሱቅ ሞባይል የሚጠግነው ልጅ የተሰበረ ስክሪን ሲነቅል አውራ ጣቱን ተረተረው። ደሙ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ብሎኖች አለበሳቸው። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ነርስ ልሆን እንደሆነ ያልነገርኩት ሰው ታይዋን ውስጥ የለም። ካርቶን የማሽግበትን ሰፊ ስኮች አንስቼ ጣቱን ከጥፍሩ እስከ አንጓው ጠመጠምኩት። አጠባበቁ ግሩም ነበር፣ ጅቡቲ ድረስ ቢጫን አይፈታም። ጣቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ጠቆረ። እኔ ደግሞ ደሙ ከስኮቹ ሥር ሲዘዋወር ሳይ ጉልበቴ ከዳኝና ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ።

የስልክ ልባጥ ልትገዛ የቆመች ልጅ ነበረች፣ ጋውኗን አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ የያዘች። "አንተ፣ ልቀቀው!" አለችኝ፤ ድሬ ላይ አንቱታ የለም፣ በእንዲህ ያለው ሰዓት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ስኮቹን በመቀስ ከጎን ሰንጥቃ ፈታችው፣ የታሸገ ውሃ አስከፍታ አጠበችው፣ ንጹሕ ጨርቅ ደርባ ጣቱን በጣቷ ጨምቃ ያዘችውና ክንዱን ከፍ አደረገችው። ብዙ ቆየች። ከመጨመቅ በቀር ምንም አትሠራም፣ አትናገርም። እኔ እዚያው ካርቶኔ ላይ እንዳለሁ ጥያቄ መጣልኝ።

"የማታ ነው የምትማሪው?"

"አዎ።"

"በክሬዲት ስንት ትከፍያለሽ?"

የቆሰለው ልጅ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። ልጅቷ ግን መለሰችልኝ፤ የተናገረችው ቁጥር ከጠረጠርኩት ብዙም አይርቅም፣ እኔ በወር ውስጥ በማይረባ ነገር ከማጠፋው ያንሳል። ፈቃዱስ? አለው፣ አይታለች፣ ከመመዝገቧ በፊት። ደሙ ቆመ፣ ልጁን ለመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ጤና ጣቢያ ሂድ ብላ ሰደደችው፤ ልባጧንም ከፍላ ወሰደች። አዎ፣ አስከፈልኳት። ቀነስኩላት ግን።

ከዚያ ወዲያ በዋጋ ማመካኘት አልቻልኩምና ሌላ አገኘሁ። የማታው ትምህርት የሚጀምረው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ይህ ደግሞ ሙቀቱ በርዶ ድሬ ከቤቷ የምትወጣበት፣ ታይዋን የሚደምቅበት፣ የቀኑ ገቢ የሚገባበት ሰዓት ነው። የሆስፒታሉ ልምምድ ደግሞ የማታ ተማሪም ብትሆን ቀን ነው፤ በሽተኛው አንተ ሱቅ እስክትዘጋ አይጠብቅህም። ክፍያው ላይ ያልተጻፈው ዋጋ ይሄ ነው፣ እሱን ደግሞ የሚቀንስልኝ ሬጅስትራር የለም። ባለቤቴን አማከርኳት። "ማታ ማታ እኔ ሱቁ ላይ እቀመጣለሁ" አለች። ይህን መልስ አልጠበቅሁም፤ ደነገጥኩ። ከእኔ በተሻለ እንደምትሸጥ ደግሞ ጠርጥሬያለሁ፣ እሷ አትምልም።

በነጋታው ልጅቷ ወደምትማርበት ሄድኩ። የ12ኛ ክፍል ውጤቴን፣ ትራንስክሪፕቴንና ፎቶግራፌን ይዣለሁ፣ ሁሉም አለ፣ ኦሪጅናል። መስኮቷ ጋ ያለችው ቅጹን ሰጠችኝና ምዝገባው ዓርብ እንደሚዘጋ፣ ከዓርብ በኋላ በቅጣት እንደሆነ ነገረችኝ።

ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ጠየቅኳት።