ቀኙ ስፒከር ምን በደለ?

ደብረ ማርቆስ ላይ ድምፅ ሲጠፋ ጥፊ የሚቀምሰው ሞንታርቦው ነው። ሠርግ ቤት አይታችሁ ይሆናል፤ ኦርጋኑ ድንገት ጸጥ ሲል ከሚዜዎቹ አንዱ ኮቱን አውልቆ ይሄድና ጀርባውን ያጮልለታል። በግራ ካልሰማ በቀኝ ይደገምለታል። ገመዱን በእግሩ ጠልፎ የነቀለው እንግዳ ደግሞ ጠላውን ይዞ ዳር ቆሞ «ድሮም የቻይና ዕቃ!» ይላል።

አሁን አሁን ጉዳዩ ከድንኳን ወጥቶ ኪራይ ቤት ገብቷል። «ስቱዲዮ አለኝ» የማይል ወጣት እየጠፋ ነው። ስቱዲዮ ማለት አንድ አልጋ፣ አንድ ላፕቶፕና ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ አንዲት ክፍል ናት። ካርቶኑ ድምፅ ያፍናል ተብሎ ነው። አያፍንም። ድምፅን የሚያግደው ክብደት ያለው ግድግዳና በደንብ የተደፈነ ቀዳዳ ነው፤ ባዶ ካርቶን ቢበዛ የክፍሏን ማስተጋባት ትንሽ ያለዝብ ይሆናል። አከራይዋ ይህን ሳይማሩ ደርሰውበታል፤ ቤዙ ሲመታ ቡፌ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ሲንጫጩ የሚሰሙት እሳቸው ናቸውና።

ከዕለታት አንድ ቀን ታዲያ ከአሜሪካ ዘመድ ድራም ማሽን ይልካል። አሥራ ስድስት ቁልፍ በረድፍ የተደረደረባት፣ ከጫማ ካርቶን የምታንስ ዕቃ ናት። የዘሯ አያት የሮላንዱ ቲአር-808 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ወጥቶ፣ «ይኼ የት ከበሮ ይመስላል» እየተባለ ብዙም ሳይሸጥ በ1983 ምርቱ ቆመ። በኋላ በርካሽ ገዝተው ያነገሡት የአሜሪካ ሂፕ ሆፕ ልጆች ናቸው። የእኛዋም መምጣቷ ሲሰማ ሰፈሩ ሁሉ ኢንጂነር ይሆናል። አንዱ ሞባይል ይጠግናል፤ ሌላው ሠርግ ላይ ማይክ ተሸክሞ ያውቃል፤ ሦስተኛው ምንም ባይሆን ባሕር ዳር ኖሯል። መመሪያው ከነፕላስቲኩ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ሆኖ አገልግሎት ጀምሯል።

ሥራው እንኳ ከባድ አልነበረም። ከማሽኗ ጀርባ ግራና ቀኝ የሚሉ ሁለት የጃክ መውጫዎች አሉ። ከእነሱ ሁለት ገመድ ወደ ሳውንድ ካርዱ አንደኛና ሁለተኛ መግቢያ፣ ከሳውንድ ካርዱ ጀርባ ደግሞ ሌላ ሁለት ገመድ ወደ ስፒከሮቹ። ሳውንድ ካርዱ በዩኤስቢ ላፕቶፑ ላይ ይሰካል። ስፒከር ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይበራል፣ መጀመሪያ ይጠፋል። ይኸው ነው።

ኢንጂነሮቻችን ግን ያላቸው ገመድ አንድ ነው። አንድ ገመድ ለመግዛት ገበያ መውጣት ደግሞ ሽንፈት ይመስላል። ስለዚህ በአንዷ ገመድ ከማሽኗ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ተነሥተው ሳውንድ ካርዱ ላይ ማይክ የሚሰካበት ውስጥ ይገባሉ። ከማይክ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሚሊቮልት የሚለካ ስለሆነ መግቢያው አብዝቶ እንዲያጎላ ነው የተሠራው። ድራም ማሽኗ የምትልከው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሚወጣውም ከበሮ ሳይሆን ቆርቆሮ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው። ሳውንድ ካርዱ የቻለውን ያህል ያስጠነቅቃል፤ ቀይ መብራት ያበራል። ቀዩ ሲበራ ክፍሏ በጭብጨባ ትናጋለች፤ «አሁን ገና ሠራ!»

48 የሚል ቁጥር ያለባት ቁልፍም አትተርፍም። «እሷ ኃይል መጨመሪያ ናት» ይላል ሞባይል ጠጋኙ፣ ይጫናታል። 48 ቮልቱ ኮንደንሰር ለሚባለው የማይክ ዓይነት የሚላክ ነው፤ ለድራም ማሽን አንዳች አይፈይድም። ይሁንና ቁልፏ ከተጫነች በኋላ ድምፁ «ወፈር ብሏል» በሚለው ሁሉም ይስማማሉ።

ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል። የግራው ስፒከር ይጮኻል፣ የቀኙ ዝም ብሏል። ጎጃም ውስጥ ተከሳሽ ዝም ካለ አመነ ማለት ነው። ችሎቱ እዚያው አልጋው ላይ ይሰየማል፤ ምስክር አይጠራም፤ ፍርዱ «ተቃጥሏል» የሚል ነው። ካቻቪቴ ይመጣል። አንድ ገመድ በአንደኛው መግቢያ ብቻ ስለተሰካ፣ እሱም ወደ ግራ ብቻ ስለሚሄድ፣ ቀኙ የሚናገረው ነገር አልተሰጠውም የሚል ጠበቃ ግን አልተገኘም። ስፒከሩ ጥፋተኛ መሆኑን ለማወቅ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ይበቃ ነበር፤ የግራውን ገመድ ነቅሎ ቀኙ ላይ መሰካት። ከጮኸ ነፃ ነው። እኛ ዘንድ ግን ነገርን ከምንጩ ተነሥቶ እየተከተሉ መምጣት እንደ ፈሪነት ይቆጠራል። ምርመራ ከሩቁ ጫፍ፣ ከውዱ ዕቃ ነው የሚጀመረው።

ቀኙ ተፈትቶ ሳለ ደግሞ «እምምም» የሚል ነገር ይሰማል። የመብራታችን ድምፅ ነው፤ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው 220 ቮልት፣ ላፕቶፑና ስፒከሩ በተለያየ ሶኬት ተሰክተው መሬቱን በየራሳቸው መንገድ ሲያገኙ በገመዶቹ መካከል ሾልኮ ይገባል። ሁሉንም አንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ወይም የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ መሞከር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ማይክ ተሸካሚው ግን የኧርዟን መስመር በፒንሳ ሊቆርጥ ተነሥቷል። ይህ ዘዴ ድምፁን ዝም ሊያሰኝ ይችላል፤ ሰውየውንም እንዲሁ።

እግዜር ይስጣቸውና አከራይዋ የደረሱት እዚህ ላይ ነው። ስፒከሩን ሳያጠፉ ገመድ ነቅለው ኖሮ «ጧ!» ያለው ነው ያስመጣቸው። ሊቆጡ መጥተው በሩ ላይ ቆም አሉ። ማሽኗ እየመታች ነው፤ ልጁ የጎጃም እስክስታ ያለውን።

«ልጄ፣ ይቺ ለምን ታነክሳለች?»

«እማማ፣ ዘመናዊ ስለሆነች ነው።»

«እንጃ፤» አሉና ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው አጨበጨቡ። ጭብጨባቸው ማሽኗን አንዴ ያገኛትና ወዲያው ይለያያሉ።

ልክ ናቸው። አሥራ ስድስቱ ቁልፍ በአራት በአራት የሚቆጠር ነው፤ ችክችካችን ደግሞ በሦስት በሦስት ይሄዳል። ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ መፍትሔው የዙሩን ርዝመት ከ16 ወደ 12 ማውረድ ነው። ሠርግ የሚዞሩ ኦርጋኒስቶች ይህን ድሮ ስለጨረሱት ነው የሪትም ፍላሻቸውን ከሚስታቸው እኩል የሚጠብቁት።

ማሽን ለአገር ዜማ አይሆንም የሚል ካለ ኃይሉ መርጊያን ይስማ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑንና ሲንተሳይዘሩን ይዞ፣ ከበሮውን ለድራም ማሽን ሰጥቶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ ተረስቶ ኖሮ አንድ አሜሪካዊ አግኝቶት በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ከታክሲ መሪው ወደ መድረክ ተመለሰ። ካሴቱ የተገኘው የት ነው? ባሕር ዳር። ባሕር ዳር የኖረው ኢንጂነራችን ይህን አልሰማም።

ለማንኛውም ቁጥሩ በአከራይዋ ጭብጨባ 12 ላይ ወረደ። ሁለተኛ ገመድም ከጎረቤት ተዋሱ። ቀኙ ስፒከር ተገጣጥሞ ተሰካና ከግራው እኩል ጮኸ፤ ይቅርታ የጠየቀው ግን የለም። እማማ «የመብራቱን ከእንግዲህ ለብቻችሁ ነው የምትከፍሉ» ብለው ወጡ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብሎን ተርፏል። ሞባይል ጠጋኙ አገላብጦ አያቸውና ኪሱ ከተታቸው።

«ድሮም ትርፍ ነበሩ» አለ።