የዘጠና ሰከንዷ ሄይቲ

በእስራኤሏ ክርያት ሞጽኪን ውስጥ የማታ ዜና ሲከፈት ሄይቲ ቢበዛ ዘጠና ሰከንድ ይደርሳታል። ወሮበላ፣ ረሃብ፣ ፍርስራሽ፤ ቀጥሎ የአየር ሁኔታ። ጎረቤት ከንፈሩን ይመጥጣል። ከኢትዮጵያ የመጡት አዛውንት ይህን ከንፈር መጠጣ ያውቁታል፤ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1984 የኮረምን ረሃብ ካሳየ ወዲህ የእሳቸውም አገር በዚሁ ልክ ተሰፍታለች።

ወሮበሎቹ ፈጠራ አይደሉም። ግን ከሰማይ አልወረዱም።

ሄይቲ በ1804 የባርነት ሰንሰለቷን ሰብራ ነፃ ወጣች። የቀድሞ ገዢዋ ፈረንሳይ በ1825 የጦር መርከቦቿን አሰልፋ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ጠየቀች፤ ካሳውም በባርነት ለተገዙት ሳይሆን ለገዢዎቹ! በ1838 ቀሪው ተቀነሰላት (ቸርነት ይሉሃል ይህ ነው)። ለክፍያው የተገባው ብድር ጣጣ ግን እስከ 1947 ዘለቀ። መሀል ላይ አሜሪካ ከ1915 እስከ 1934 አገሪቱን በወታደር ይዛ ግምጃ ቤቷን ተቆጣጠረች። በ2010 ደግሞ፣ ከርዕደ መሬቱ ወራት በኋላ፣ ኮሌራ ከሰላም አስከባሪዎች ሰፈር ወጥቶ ወንዝ ውስጥ ገባ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርሻውን ለማመን 6 ዓመት ፈጀበት። ዜና አንባቢው ይህን ሁሉ «ያልታደለች አገር» ብሎ ጠቀለለው። ዕድል ለካ የጦር መርከብም አለው።

አዛኙ ሁሉ አንድ ነገር ቢሰማ አይጎዳውም፦ በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር፣ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ተነሥተው ነገ የእኛም ዕጣ የኢትዮጵያ ሊሆን ይችላል ብለው ኃያላኑን ያስጠነቀቁት የሄይቲው ልዑክ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ነበሩ።