ምንም የማይጠቀለልበት ዜና

ስልክ አልጠላሁም። የሚጮህና የሚያወራ ዕቃ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ምን ያጣላን ነበር? የተጣላነው «እኔም ጋዜጣ ነኝ» ያለ ዕለት ነው።

እኛ አገር፣ አርጆ፣ ጋዜጣ የሚመጣልን በአውቶቡስ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ነቀምት፣ ከነቀምት ወደኛ። የሰኞው ሐሙስ ይደርሳል፤ ክረምት ገብቶ መንገዱ ከጨቀየማ እሱም በዕድል ነው። ታዲያ ማን ቸኩሎ? ሰኞ የወረደ ሚኒስትር ሐሙስም ወርዶ ነው የሚገኘው። አሁን የልጅ ልጄ «አካኮ፣ ሰበር ዜና!» እያለ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ቆዩ፣ ገና እየተጣራ ነው» ይለኛል። ካልተጣራ እነሱም ተኝተው እኔንም ቢያስተኙኝ ምን ነበረበት?

ያኔ ለሻይ ቤቱ ሁሉ አንድ ጋዜጣ ይበቃ ነበር። መምህሩ ጮክ ብሎ ያነባል፤ የቀረው ይሰማል፣ ያርማል፣ ይቆጣል። አማርኛው ላልገባው እዚያው በኦሮምኛ ይተረጎምለታል። በደርግ ጊዜ በሪሳ ጋዜጣ በኦሮምኛ መውጣት ሲጀምር (ያኔ በግዕዝ ፊደል ነበር የሚታተመው) መምህሩ ከመተርጎሙ ተገላገለ። ከጭቅጭቁ ግን አልተገላገለም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አእምሮ ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይሰራጭ እንደነበር ለልጆቹ ስነግራቸው ይስቁብኛል። እነሱ የሚከታተሉት የቴሌግራም ቻናል መቶ ሺህ ሰው አለው አሉ። ይኑረው! ከመቶ ሺሁ ውስጥ ስንቱ ከስንቱ ጋር ተያይቷል? ያ 24 ቅጂ የደረሳቸው መኳንንት ግቢ ሲገናኙ ያነበቡት አንድ ነበር፤ መጣላት ቢያምራቸው እንኳ በምን እንደሚጣሉ ያውቃሉ። ዛሬ አራት ወጣት በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣል። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ እንባ እንባ ይለዋል፣ አንዱ ጥርሱን ያፋጫል፣ አንዱ ኳስ ያያል። «አገሩ እንዴት ነው?» ስላቸው አራቱም የየራሳቸውን አገር ይነግሩኛል። ከእነዚህ ጋር ሰው እንዴት ብሎ ይከራከራል?

ደግሞ ጋዜጣ ከተነበበ በኋላም ሥራ አይፈታም ነበር። ባለሱቁ በርበሬና ስኳር ይጠቀልልበታል፤ የረጠበ ጫማ ይደርቅበታል፤ መስተዋት ይወለወልበታል። አሁን ስኳር ፋብሪካው አርጆ ደዴሳ ድረስ መጥቶልን መጠቅለያው ከሱቅ ጠፋ! ከሁሉ የሚበልጠው ግን ግድግዳ ነው። የጭቃው ምርጊት አቧራ እንዳያራግፍ አዲስ ዘመን ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ይለጠፍበት ነበር። የእኛን ቤት የለጠፈው ሰው ማንበብ ስለማይችል ግማሹን ገልብጦ ለጠፈው፤ ታናናሾቼ ፊደል የለዩት አንገታቸውን አጣመው ነው። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ልጆቹ ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ኮረብታ ለኮረብታ ሲንከራተቱ፣ የእኔ ግድግዳ አንድ ቀን እንኳ ኔትወርክ አላጣም።

የልጅ ልጄ ይሟገተኛል። «ጋዜጣ ለመጥፋቱ ተጠያቂው ስልክ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱ ከውጭ በዶላር የሚገዛ ነው፣ የማተሚያውም ዋጋ ናረ» ይላል። እውነቱን ነው። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ እንደ አሸን የፈሉት ጋዜጦችና መጽሔቶች ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት መቶ ዓመት ደፍኖ አለ፤ የሚያሳትመው ነው የመነመነው። ነገር ግን ልጁ ይህን ሁሉ ያነበበው ከዚያው ከስልኩ ነው። ገዳዩ ራሱ መርዶ ነጋሪ ሆኖ ሲመጣ እንዴት ይታመናል?

ለፍትሕ ስል ለስልኩ አንድ ነገር ልመስክርለት፦ ፊደሉን በሁለት ጣት ያሳድጋል። ሳሳድገው ግን የመስመሩ ግማሽ ከመስተዋቱ ይወጣል፤ ልከተለው ስል ገጹ ይሸሻል፤ ላቆመው ስነካው ሳላስበው ለማላውቀው ሰው ሠርግ «ላይክ» ሰጥቼ አርፋለሁ።

ስለዚህ እኛ ሽማግሌዎች በሻይ ቤቱ ደንብ አወጣን። በአንድ ጠረጴዛ አንድ ስልክ ብቻ ይወጣል፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይሰማና ይከራከራል። ሁለተኛ ስልክ ያወጣ የሁላችንንም ቡና ይከፍላል። ወጣቶቹ ሳያንገራግሩ በደንቡ ተስማሙ። እኔም ከዚያ ወዲህ ለቡና ኪሴ ገብቼ አላውቅም።