ያንተ ስንት ኪሎ ሜትር ነበር?

መንደራችን ዋሂል የገባ መጽሐፍ አርፎ ተቀምጦ አያውቅም። መጀመሪያ አስተማሪዎቹ እጅ ይገባል፤ ከነሱ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ከጤና ጣቢያው ወደ ግብርና ባለሙያዎቹ ይሻገራል፤ በመጨረሻ ሻይም ወደምሸጥባት ሱቄ በረንዳ ይመጣል። እኔ ጋ ሲደርስ ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ ጠርዙ የሙሸበክ ዘይት ጠጥቷል፣ መሀሉ ላይ ደግሞ አንድ የደረቀ የጫት ቅጠል ሰውየው የት ድረስ እንዳነበበ ይመሰክራል። ቅጠሉ ከአጋማሽ አልፎ አይቼው አላውቅም። ምርቃናው እዚያ ላይ የሚያልቅ መሰለኝ።

ከሁሉ አብልጠን የምንሻማው ግን በልጅነቱ ፍዳውን አይቶ ኋላ ያለፈለት ሰው የጻፈውን የሕይወት ታሪክ ነው። ልቦለድ ስትሰጠው «ፈጠራ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ የሚመልስ ሰው፣ «ይሄኛው በእንጀራ እናት ያደገ ነው» ካልከው የሻዩን ሂሳብ ሳይከፍል መጽሐፉን ይዞ ይጠፋል። አነባበባችን ደግሞ ሥርዓት አለው። ባለታሪኩ እስኪራብ በጥድፊያ፣ ሲራብ በዝግታ፣ ሲያልፍለት በዝላይ። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ያለውን ምዕራፍ በሙሉ ልቡ ያነበበ ሰው ዋሂል ውስጥ ካለ እኔ አላገኘሁትም። ጠገበ አይደል? ከዚህ ወዲያ ለኛ ምን ይሠራልናል?

የአሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም የቤን ካርሰን ታሪክ የመጣ ሰሞን የተጎዱት ልጆቻችን ናቸው። እናትየው ከሦስተኛ ክፍል ያላለፈች፣ ዲትሮይት ከተማ ሰው ቤት እየሠራች ሁለት ወንዶች ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት። ልጇ ከክፍሉ ውራ ሲወጣባት ቴሌቪዥኑን ቀነሰችና፣ በሳምንት ሁለት ሁለት መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት እያወጡ እንዲያነቡ፣ ያነበቡትንም ጽፈው እንዲያስረክቧት አዘዘች። እሷ ራሷ በቅጡ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ግን ወረቀቱ ላይ ምልክት እያደረገች እንዳነበበ ሰው ትመልስላቸዋለች። ይህን ያነበበ አንድ ጎረቤታችን የዚያኑ ዕለት ማታ ቴሌቪዥኑን ነቀለና «ከዛሬ ጀምሮ በሳምንት ሁለት መጽሐፍ!» ብሎ አወጀ። ትልቁ ልጁ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «አባዬ፣ እቤት ያለው መጽሐፍ አንድ ነው፤ እሱንም አንተ ይዘኸዋል» አለው። አባት ሳልጨርስ አልሰጥም አለ። ቴሌቪዥኑ ቅዳሜ ተመልሶ ተሰካ፤ ኳስ ነበር።

አንብበን ስንጨርስ «ጎበዝ ሰው ነው» ብለን ብናልፍ ምን ነበረበት? እኛ ግን መጽሐፉን አጠፍ አድርገን «አቦ፣ ይቺማ ምን አላት!» እንላለን። ከዚያ በየተራ የራሳችንን እናወጣለን። መለኪያችን የትምህርት ቤት መንገድ ነው። አንዱ «አምስት ኪሎ ሜትር በእግሬ» ብሎ ይከፍታል። ሌላው «አምስት? እኔ ስምንት፤ ያውም በባዶ እግሬ» ይላል። ሦስተኛው 12 ያደርሰውና ወንዝ ይጨምርበታል፤ ወንዙን ያስሞላዋል። ጅብ የሚመጣው በአራተኛው ሰው ነው።

አንድ ቀን የሒሳብ አስተማሪያችን ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ እስክሪብቶ አወጣ። «እስቲ ቆይ። ጠዋት ፍየል አሰማርተህ፣ 15 ኪሎ ሜትር ሄደህ፣ 15 ተመልሰህ፣ ማታ ደግሞ ወፍጮ ቤት። በሳምንት 150 ኪሎ ሜትር! ይሄ እኮ ከድሬዳዋ ተነስቶ፣ ደንገጎን ወጥቶ፣ ሐረር ደርሶ ተመልሶ፣ እንደገና ወደ ሐረር መንገድ መጀመር ነው። ትምህርቱን መቼ ተማርከው?» ባለታሪኩ ቅንጣት አልደነገጠም። «ለዚህ እኮ ነው ሒሳብ የወደቅኩት» አለ።

እዚህ ላይ ያጠፋን ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። አሰላ አካባቢ ደብተሩን ይዞ አሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ተማረ፤ ኋላ ዓለምን ሁሉ ከኋላው ሲያስከትል ግራ እጁ አሁንም ደብተር እንደያዘ እጥፍ ብሎ እናየው ነበር። ከዚያ ወዲህ አገሩ በሙሉ እየሮጠ የተማረ ሆኗል። ልዩነቱ፣ እሱ ክብረ ወሰን ይዞ ተመለሰ፤ እኛ የጉልበት ሕመም ይዘን ቀረን።

ፉክክሩ ደግሞ ሰው አይመርጥም። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለው የጃንሆይ መጽሐፍ እጃችን የገባ ጊዜ ሁላችንም ጨዋ ሆነን ነበር የጀመርነው። የኛው አገር ሰው ናቸው እኮ፤ ኤጀርሳ ጎሮ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. የተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ያረፉት ልጃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ነው። አባታቸው ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. ሲሞቱ ተፈሪ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። በረንዳው ጸጥ አለ። ማዶ ያለው ሱቅ ባለቤት ሀጂም ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሙት ልጅ! ታዲያ ኋላስ እንዴት ሆኑ?» አሉ። «በዚያው ዓመት ደጃዝማች ተባሉ» አልናቸው። ሀጂ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እንግዲያማ ከውድድሩ ይውጡ! እኔ በ13 ዓመቴ የተሾምኩት በስድስት ፍየል ላይ ነው፤ አንዷን ጅብ በልቶብኝ በማግስቱ ተሻርኩ!»

በዚህ ሁሉ መሀል አንጀቴን የሚበላው ልጅነቱ ደህና የነበረ ሰው ነው። ጤና ጣቢያችን ውስጥ አንድ የድሬዳዋ፣ የከዚራ ሰፈር ልጅ አለ። አባቱ ምድር ባቡር ነበሩ። የምድር ባቡር ሰው ደግሞ በደጉ ዘመን ደሞዙ ከወር ወር የማይዛነፍ፣ ዛፍ ጥላ ያጠላበት መንደር የሚኖር፣ ከአለቃው ጋር በፈረንሳይኛ የሚነጋገር ሰው ነበር። ድሬን ራሷንስ እ.ኤ.አ. በ1902 ከተማ ያደረጋት ያው ሐዲድ አይደል? እና ይሄ ልጅ ተራው በደረሰ ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል። አንዴ «አይስክሬም የሚገዛልን እሑድ እሑድ ብቻ ነበር» ብሎ ሞክሮ፣ ሀጂ «ተው፣ እንዳትደግማት» ብለው አስቀመጡት። ለብዙ ጊዜ እያዳመጠ ሻይ ሲጋብዘን ከረመ። አንድ ቀን ግን አገኘ። «አባቴ ሲቆጣኝ በፈረንሳይኛ ነበር» አለ፤ «ምን እንዳጠፋሁ ሳይገባኝ ነው የምገረፈው።» በረንዳው በሙሉ «አይ አይ አይ!» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲመጣ ቦታ ይለቀቅለታል።

የሶማሌዋ የዋሪስ ዲሪ ታሪክ የሴቶቹ ነበር፤ ወንዶቹ እንዳይገቡበት ተስማምተን ነው የጀመርነው። አርብቶ አደር አባቷ ገና 13 ዓመት ገደማ ሳለች በአምስት ግመል ለሽማግሌ ሊድሯት ሲሉ፣ በሌሊት ተነስታ በባዶ እግሯ ወደ በረሃ ታመልጣለች። ኋላ ለንደን ገብታ፣ ሰው ቤት ሠርታ፣ ዓለም ያወቃት ሞዴል ሆናለች፤ መጽሐፏ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ማምለጧ ላይ ደርሰን ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን ሳለ፣ አንድ የግመል ነጋዴ ከውጭ «አምስት? ወንድ ነው ሴት?» አለ። ይሄኔ ነገር ተበላሸ። አንዱ በዛሬ ዋጋ አሰላ፣ ሌላው «ከጅጅጋ በኩል የመጣ ከሆነ ይወደዳል» አለ፣ እኔም ከማን አንሼ «ከአምስቱ የምትታለብ አለች?» ብዬ ጠየቅኩ። ድርድሩ መግሪብ ድረስ ቆየ። ልጅቷ በባዶ እግሯ በረሃው ላይ ቆማ ጠበቀችን።

ጅጅጋን ካነሳን፣ የጅጅጋው ልጅ ነጋ መዝለቂያ ልጅነቱን በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2000 የካናዳን የጠቅላይ ገዥ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ወስዷል። ይሄን ሲሰሙ ሁሉም ጎረቤታቸው የተሸለመ ያህል ኮራ አሉ። ነገር ግን ሰውየው አስተማሪ የሚያስለቅስ ረባሽ እንደነበር ራሱ አይደብቅም። የሒሳብ አስተማሪያችን ወዲያው «የአስተማሪውስ ማስታወሻ የት ነው የሚሸጠው?» አለ።

አመሉ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ አገር ትልልቆቹ የመጻሕፍት መደብሮች ለዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ የራሱ መደርደሪያ ሰጥተውት ነበር፤ አንዱ መደብር «አሳዛኝ የሕይወት ታሪኮች» ብሎ ጽፎበት ቁጭ አድርጎት ነበር። ገዢው ገብቶ «የባለፈው አላስለቀሰኝም፣ ጠንከር ያለ የለም?» ሳይል አይቀርም። አንዲት ቤልጅየማዊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው መጽሐፍ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በልጅነቷ ወላጆቿን ፍለጋ አውሮፓን በእግሯ ስታቋርጥ ተኩላዎች እንዳስጠጓት ተረከች። ተተረጎመ፣ ፊልም ተሠራበት። እ.ኤ.አ. በ2008 ፈጠራ መሆኑን ራሷ አመነች። ይሄን ስነግራቸው የደነገጠ የለም። አንድ የሐረር ልጅ ብቻ ተናደደ። «እኛ ጅብ በእጃችን እያጎረስን አድገን አንድ መስመር አልጻፍንም!»

ከነጮቹ ብልሁ ፍራንክ ማኮርት ነው። አየርላንድ ውስጥ ሊመሪክ በምትባል ከተማ ያሳለፈውን የረሃብና የእርጥበት ልጅነት ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1996 አወጣ፤ ፑሊትዘር ተሸለመበት። ከሊመሪክ ሰዎች ብዙዎቹ «አጋነንክ፣ ከተማችንን አዋረድክ» ብለው ተነሱበት። እናቱ ግን ምንም አላሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1981 አርፈው ነበር።

የኔ እናት ግን ዕድሜ ይስጣትና እዚሁ ጓዳ ናት። አንድ ማታ እኔም ተራዬ ደርሶ «እኔ ወንዝ ተሻግሬ ነበር የምማረው» ብዬ ገና ጉሮሮዬን ስጠራርግ፣ ከጓዳ ድምፅ መጣ። «የቱን ወንዝ? ትምህርት ቤቱ ከቤታችን ጀርባ አልነበረም እንዴ? ደወሉን ሰምተሽ እኮ ነበር ከአልጋ የምትወርጂው!» ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እስቲ ፍረዱ፣ በየማለዳው ጆሮ ሥር የሚያንቃጭል ደወል መከራ አይደለም?

አንድ ቀን ከሰዓት ደግሞ ስለ አንድ የገጠር ልጅ ጮክ ተብሎ እየተነበበ ነው። ልጁ ሌሊት ተነስቶ፣ አህያ እየነዳ፣ ውሃ ፍለጋ ይሄዳል። አንገታችንን ደፍተናል፤ አንዷ ጎረቤቴ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። በዚህ መሀል ውሃ የምታመጣልኝ ልጅ አህያዋን በረንዳው ሥር አቆመች። አራት ቢጫ ጀሪካን፤ የአንደኛው ክዳን ጠፍቶ በፌስታል ተወትፏል። ልታራግፍ ስትል «እሽ! ቆይ አንቺ፣ ትልቅ ነገር እያነበብን ነው!» አልናት። ገመዱን እንደያዘች እስከ ገጹ መጨረሻ አዳመጠች። ከዚያ «ታሪኩ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለች። መልስ ስላጣን የውሃዋን ሂሳብ ከፈልናት። ስትሄድ ደግሞ «ዋጋ ጨምራብናለች» ብለን አማናት።

ልቅሷችን ርቆ የተሰማ ዕለት አዛውንቷ ጎረቤታችን ከዘራቸውን ይዘው፣ በሌላ እጃቸው የቡና ቋጠሮ አንጠልጥለው መጡ። እርሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። «ማን ነው?» አሉ። በመጽሐፍ ውስጥ ያለ ልጅ መሆኑን አስረዳናቸው። «አሁን በሕይወት አለ?» አሉ። «ይበላል?» ኧረ አሜሪካ ነው፣ ዶክተር ሆኗል! «አልሐምዱሊላህ» አሉና ቋጠሯቸውን መልሰው ያዙ። «እሱ ጠግቦ እናንተ የምታለቅሱት ምን ሆናችሁ ነው? ለቀብር መስሎኝ ቡናዬን ላስጨርሰው ነበር።»

እንዲህ እንዲህ ስንል ወጣቱ የግብርና ባለሙያ የራሱን ሊጽፍ ተነሳ። ከሱቄ ባለ 50 ሉክ ደብተር ወሰደ። አንደኛው ገጽ ላይ ርዕስ ጻፈ፣ ሁለተኛው ላይ ምስጋና፤ እኔንም አመስግኖኛል፣ እግዜር ይስጠው። ሦስተኛው ላይ መከራ አለቀበት። «የማትጠቀሙበት ካለ እስቲ» እያለ በረንዳውን ይዞር ጀመር። የሒሳብ አስተማሪው አንድ እባብ ሰጠው። ሀጂ ወንዙን ፈቀዱለት፣ ሙላቱን ግን አስቀሩ። እኔ ደወሌን አልሰጥም አልኩ።

መላ ሲጠፋው ሂርና ላሉት እናቱ ደወለና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈተው። «እማ፣ ልጅ እያለሁ ምን ምን መከራ ነበር ያየሁት?»

«አንተ?» አሉ። «አንተ ደግሞ ምን አየህ! ያየሁትስ እኔ፣ አንተን ሳሳድግ!» ከዚያ ቀጠሉ። የቀደደውን ሱሪ፣ ያስበላውን በግ፣ የጠፋባቸውን ሌሊት፣ ሁለት ጊዜ የደፋውን ወጥ አንድ በአንድ ካርዱ እስኪያልቅ ተረኩለት። ልጁ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ጻፈ፤ እየቆየ ጽሕፈቱ ቀዘቀዘ። ስልኩ ሲቋረጥ ደብተሩን ከደነው። እንደነገረኝ ከሆነ ታሪኩ የእናቱ እንጂ የሱ አይደለም፤ የእሳቸው ሆኖ ከተጻፈ ደግሞ እሱ መከራው ሊሆን ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ የደብተሩም የካርዱም ሂሳብ እስካሁን ዱቤ መዝገቤ ላይ ተቀምጧል። መከራ ከጠፋበት ከዚያ መጀመር ይችላል።