የቦንጋው የማኑት ቦል ምስክር

ቦንጋ ላይ የቅርጫት ኳስ ደጋፊ መሆን ብቻን ያስቀራል። ቅዳሜና እሁድ ከተማዋ ለአርሴናልና ለማንቸስተር ተከፋፍላ፣ ዲሽ ያለው ቤት ሁሉ በሰው ታጭቆ፣ ከዚያ የተረፈው ስለ ካፋ ቡና እግር ኳስ ክለብ ሲከራከር፣ አንድ ሽማግሌ ብቻ ከጀበና ቡና ቤቱ ጥግ ሆነው «ኳስስ በእጅ ነው» ይላሉ። የሚመልስላቸው የለም። ደፈር ያለው ልጅ ብቻ «ጋሼ፣ በእጅማ ቅጣት ምት ያሰጣል» ብሎ ወደ ስክሪኑ ይዞራል።

ስማቸው ለዚህ ወግ አያስፈልግም፤ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፣ እሳቸውም ከዚያ የበለጠ ማዕረግ አይፈልጉም። በደርግ ጊዜ እንደ ብዙው ሰው በሱዳን አድርገው ወጡ። ካርቱም ከርመው አረብኛውን ለመዱ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞች ሕጓን ስታወጣ በተከፈተው በር ገብተው ዋሽንግተን ደረሱ፤ እዚያም የአገር ልጅ በሞላበት የመኪና ማቆሚያ ሥራ ያዙ። በመጨረሻ ጡረታቸውን፣ ለቦንጋ ዝናብ እንጂ ለቦንጋ ፀሐይ የማይሆን ወፍራም ካፖርትና አንድ ጨዋታ ይዘው ተመለሱ።

አንድ ጨዋታ ነው፤ ግን አያልቅም። በአቦል ይጀመራል፣ በቶና ይጦፋል፣ በበረካ ገና እረፍት ሰዓት ላይ ነው።

ጨዋታው የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1987-88 የውድድር ዘመን ነው። አዳራሹ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ሜሪላንድ ላንዶቨር የነበረው፣ ጣሪያው እንደ ኮርቻ የጎበጠው ካፒታል ሴንተር ነው። ባለሜዳው፣ ኋላ በ1997 ስሙን ወደ ዊዛርድስ የለወጠው ዋሽንግተን ቡሌትስ። ተጋጣሚው እንደ ቀኑ ይለያያል። ጋሼ ሲደሰቱ ቦስተን ነው፤ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ዲትሮይት ነው። ደግነቱ ቡና ቤቱ ውስጥ ይህን የሚታዘብ ሰው የለም።

የጋሼ ወሬ ሁለት ዓይነት ነገር አለበት። አንዱ ከመዝገብ ጋር የሚገጥም፣ ቁጥሩ የታወቀ፣ ፎቶው ያለ እውነት ነው። ሁለተኛው ከዓመት ዓመት ቅቤ የተቀባ ነው። ችግሩ፣ ቡና ቤቱ ተከራክሮ የሚጥለው የመጀመሪያውን ሲሆን፣ ሁለተኛውን ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀብሎ ቡናውን ይጠጣል።

የቡሌትሱን ረጅም ሰው ቁመት እንውሰድ። ማኑት ቦል፣ የያኔው የደቡብ ሱዳን ግዛት የዲንቃ ልጅ፣ 2 ሜትር ከ31 ሳንቲ ነበር። ክንዶቹ ሲዘረጉ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ 2 ሜትር ተኩል ያልፋሉ። በዚያው ዓመት ቡሌትስ ማግሲ ቦግስ የሚባል የባልቲሞር ልጅ መረጠ፤ እሱ ደግሞ 1 ሜትር ከ60 ነው። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ታሪክ የመጨረሻው አጭርና በዘመኑ የመጨረሻው ረጅም፣ በአንድ ማሊያ፣ በአንድ ወንበር ላይ። ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ጎን ለጎን እያቆሙ ሲያነሷቸው ከረሙ። ማግሲ የማኑትን ወገብ አልፎ ብዙም አይሄድም።

«አይሆንም» አለ ቡና ቤቱ።

ነገሩ በክርክር አልበረደም። አንድ አናጢ ከኪሱ ሜትሩን መዘዘና ከመሬት ጀምሮ በግድግዳው ላይ ለካ። 1.60 ላይ በከሰል አንድ መስመር፣ 2.31 ላይ ሌላ መስመር። ላይኛው መስመር ከበሩ ጉበን በላይ ዋለ። ቀጥለው ቅርጫቱ የሚሰቀልበትን 3 ሜትር ከ5 ሊያሰምሩ ሲሉ ኮርኒሱ አለቀ። ባለቤቷ እትዬ «ቤቴን አታፍርሱ!» ብለው ጮኹ፤ ምርመራው በዚያው ተዘጋ። መስመሮቹ ግን አሉ። ዛሬም እንግዳ ሲገባ ከታችኛው ጋር ይለካል፤ ከላይኛው ጋር ለመለካት የሞከረ አልተገኘም። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ፍርዱ ምን ሆነ? «ሜትሩ ልክ ነው፣ ጋሼ ግን አጋንነዋል።»

የፓስፖርቱ ነገር በአንጻሩ እንዲሁ አለፈ። ማኑት መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ሲሻገር በያዘው ወረቀት ላይ ቁመቱ 5 ጫማ ከ2 ኢንች ተብሎ ነበር፤ በእኛ ሂሳብ ከ1 ሜትር ከ60 ያነሰ፣ ማግሲንም የማይደርስ። እንዴት እንዲህ ሆነ ሲባል፣ ሲለኩት ተቀምጦ ነበር ተባለ። የልደት ቀኑንም በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። እዚህ ላይ ቡና ቤቱ በአንድ ድምፅ አመነ። መታወቂያ ለማውጣት ተሰልፎ የማያውቅ፣ የአባቱ ስም ተዛብቶ ያልተጻፈበት፣ ዕድሜው በግምት ያልተሞላለት ሰው በዚያ አልነበረም። «እሱስ እውነት ነው» ተባለ። ጋሼ ተናደዱ፤ እሳቸው ራሳቸው የሚጠራጠሩት ይህንኑ ነበርና።

ከዚያ ወደ አንበሳው ተኬደ። ማኑት ልጅ ሳለ የከብት እረኛ ነበር፤ አንድ ቀን የተኛ አንበሳ በጦር ወግቶ መግደሉን እሱው ራሱ ለአሜሪካ ጋዜጠኞች ተናግሯል። ይህን ዋሽንግተን ላይ የሰማ ሰው አፉን ይይዛል። ቦንጋ ግን ሌላ ነው። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት በዚሁ ደን ውስጥ የተነሳ የአንበሳ ፎቶግራፍ ለዓለም አሳየ። ዓለም ተገረመ፤ የደኑ ዳር ገበሬ ግን ጥጃው የት እንደሄደ ድሮም ያውቅ ነበር። እናም ማንኪራ አካባቢ ማር የሚቆርጡ አንድ አዛውንት ስኒያቸውን አስቀምጠው ጠየቁ፦ «ተኝቶ?»

«አዎ፣ ተኝቶ።»

«የተኛ አንበሳ መግደል ምን ጀግንነት ነው?»

ጋሼ ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ከማንም ሰምተውት አያውቁም። ቡሌትስ በጥቂት ነጥብ እየተመራ እዚያው ቆመ፤ የጨዋታው ቀሪ ክፍል ለሚቀጥለው እሁድ ተላለፈ።

ሚዛናዊ ለመሆን፣ የጋሼ ዋና ጉዳይ ቁመት አይደለም። እሳቸው የሚወዱት ማኑት ኳስ ሲመልስ ነው። ተጋጣሚው ዘሎ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ኳሷን ከጣቱ ሲለቅ አንድ ረጅም እጅ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይደርሳል፤ ኳሷ ወደ ተመልካቹ ትበራለች። በመጀመሪያ የውድድር ዘመኑ፣ በ1985-86፣ ማኑት 397 ኳሶች እንዲህ መለሰ። ከአዲስ ተጫዋቾች ከዚያ ወዲህ የደረሰበት የለም። በአንድ ጨዋታ 15 የመለሰባቸው ሁለት ምሽቶች አሉ፤ በ1986 በአትላንታ፣ በ1987 በኢንዲያና ላይ። ደግሞም በሊጉ ታሪክ ካስቆጠረው ነጥብ የመለሰው ኳስ የሚበልጥለት እሱ ብቻ ነው፦ ነጥቡ 1,599፣ የመለሰው ኳስ 2,086።

ጋሼ ይህን ቁጥር ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ለማግስቱ የሚያስቡበት፣ ቡና ቤቱን ጸጥ ያሰኛል ብለው የሚያስቀምጡት ወሬ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ሆነ፦

«ሰውየው የሚጫወተው የት ነው?» ብሎ ጠየቀ አንድ ልጅ፣ የአርሴናል ማሊያ የለበሰ።

«ከቅርጫቱ ሥር። ይከላከላል።»

«ተከላካይ ነዋ! ታዲያ ተከላካይ ጎል ባያገባ ምን ይገርማል፣ ጋሼ?»

በዚህ ዓይነት የ10 ዓመት የሊግ ታሪክ በአንድ አረፍተ ነገር ተዘጋ። ጋሼ በቅርጫት ኳስ ሁሉም እንደሚያጠቃ፣ ሁሉም እንደሚከላከል ሊያስረዱ ሞከሩ። ልጁ ግን ገብቶታል፤ የገባው ሰው ደግሞ አይሰማም።

ጥርሱንም አላመኑም። ማኑት ገና ሱዳን ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳሷን ከላይ ሲከት ፊቱ ከመረቡ ጋር ተላትሞ ጥርሱን ሰብሯል። «እንኳን ጥርሱ አናቱም አይደርስ» ተባለ። ሶስት ነጥቡንማ ተዉት። በ1988 ወደ ጎልደን ስቴት ሲዛወር አሰልጣኙ ዶን ኔልሰን ይህን ሰው ከሩቅ እንዲወረውር ፈቀደለት፤ በመጀመሪያው ዓመት 91 ሞክሮ 20 አገባ። በ1993 ደግሞ በፊላዴልፊያ ማሊያ፣ በፊኒክስ ላይ፣ በአንድ አጋማሽ ብቻ 6 ሶስት ነጥቦች አስቆጠረ። አወራወሩን ጋሼ ቆመው ሲያሳዩ፣ ኳሷን ከጭንቅላታቸው ኋላ አስነስተው ሲወነጭፉ፣ እትዬ ረከቦቱን ገለል ያደርጋሉ። ማመን ቀርቶ ማየትም የፈለገ የለም።

አሁን ወደ ውሸቱ።

ጋሼ የተቀመጡት ከ18 ሺህ ሰው በላይ በሚይዘው አዳራሽ የመጨረሻው ረድፍ፣ ከጣሪያው ሥር ነው። ትኬቱ ርካሽ ነበር፤ ከዚያ ሆነው ተጫዋቾቹን ከማየት ይልቅ መሐል ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ስክሪን ያዩ ነበር። ይህን አምነው ይናገራሉ፣ ያሳፍራል ብለውም አያስቡም፤ ካፒታል ሴንተር የተደገመ ቪዲዮ በትልቅ ስክሪን በማሳየት ከቤት ውስጥ ስታዲየሞች የመጀመሪያው ነበርና። እንግዲህ በሶስተኛው ሩብ ማኑት አንድ ኳስ መልሶ ተመልካቹ ሲነሳ፣ ጋሼም ተነስተው በካርቱም አረብኛ «ከይፍ ሐልክ፣ ያ አኹይ!» ብለው ጮኹ። ያን ጊዜ ማኑት ቦል፣ በሞሰስ ማሎንና በበርናርድ ኪንግ መካከል ቆሞ፣ አሰልጣኙ ዌስ አንሰልድ ከዳር እየጮኸበት፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከ18 ሺህ ሰው መካከል የቦንጋውን ሰው ለይቶ፣ እጁን አነሳላቸው።

ቡና ቤቱ ምን አለ?

«ጎረቤት አይደል!» አለ። «እንዴት ዝም ይላል?»

ማንም ርቀቱን አልጠየቀም። ማንም የአዳራሹን ጩኸት አላሰበም። ሜትር ያወጣም አልነበረም። ማር ቆራጩ አዛውንት እንኳ፣ በአንበሳው ጉዳይ ያልተበገሩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁና «ስደት ላይ የሰፈር ሰው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል» አሉ። ጋሼ ይህን ታሪክ በደገሙት ቁጥር የማኑት እጅ ከፍ እያለ ሄዷል፤ አሁን ሁለቱንም ነው የሚያነሳው።

አንድ የማያጋንኑት ነገር አለ። ማኑት ከሊጉ ከወጣ በኋላ ያገኘውን ገንዘብ አብዛኛውን ለሱዳን ስደተኞችና ለወገኖቹ ትግል አፍስሷል። ሲያልቅበት ለእርዳታ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲል ያልሆነው የለም፦ እ.ኤ.አ. በ2002 ከግዙፉ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ከዊልያም ፔሪ ጋር በቴሌቪዥን ቦክስ ገጥሞ አሸነፈ፤ በረዶ ላይ መንሸራተት ሳይችል ለበረዶ ሆኪ ቡድን ፈረመ። ጁን 19 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. በ47 ዓመቱ ቨርጂኒያ ውስጥ ሞተ፤ የቀብር ሥነ ሥርዓት ጸሎቱም በዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል ተደረገ። ካቴድራሉ ከጋሼ የመኪና ማቆሚያ ሩቅ አልነበረም። «ሄደው ነበር?» ሲባሉ፣ «የቀን ፈረቃ ላይ ነበርኩ» ብለው ያልፋሉ። ቀላል ነበር፣ ነበርኩ ማለት። ያምኗቸው ነበር።

ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. ከአዲሱ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ዋና ከተሞች አንዷ ስትሆን ብዙ ነገር መጣ፤ ቅርጫት ኳስ ግን ቡና ቤቱ የገባው በሌላ በኩል፣ በውርርድ ነው። ሐምሌ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ፣ ለፓሪስ ኦሎምፒክ ዝግጅት፣ ደቡብ ሱዳን ለንደን ላይ አሜሪካን ገጠመች። አወራራጆቹ አሜሪካ በ43 ነጥብ ተኩል ትበልጣለች ብለው ነበር። በአገሯ ጣሪያ ያለው የመጫወቻ አዳራሽ የሌላት፣ ፌዴሬሽኗን የቀድሞው ተጫዋች ሉኦል ዴንግ የሚመራው አገር፣ እረፍት ላይ በ14 ነጥብ መራች። ልጆቹ ስልክ ላይ ተደራርበው አዩ። ጋሼ ከመካከላቸው ገብተው፣ የዴንግ ቤተሰብ ግብፅ ተሰድዶ ሳለ ታላቅ ወንድሙን ቅርጫት ኳስ ያስተማረው ማኑት ቦል ነበር ሲሉ «እሺ ጋሼ፣ ይጋርዱናል» ተባሉ። ጨዋታው 101 ለ100 አለቀ፤ 8 ሴኮንድ ሲቀር ሌብሮን ጄምስ አስገብቶ አሜሪካን አዳናት።

በሳምንቱ ቡና ቤቱ ውስጥ የሚወራው ይኸው ብቻ ነበር፤ የሚያወሩትም ልጆቹ። የአርሴናሉ ልጅ ሌብሮን ያገባው 2 ሴኮንድ ሲቀር ነው አለ። ሌላው 1 አለ። ሶስተኛው ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ነው፣ ዳኛው አሜሪካዊ ስለሆነ ነው ዝም ያለው አለ፤ ይህኛው ብዙ ደጋፊ አገኘ።

«8 ሴኮንድ ሲቀር ነው» አሉ ጋሼ ከጥጋቸው።

«ጋሼ ደግሞ» አለ ቡና ቤቱ።