ቅንድቧን ትተው ላይትማኑን ይጻፉ

ጎንደር ነንና አንቱ እያልሁ ልምከርዎ። ስለ አማርኛ ፊልም በውክፔዲያ ሊጽፉ መቁረጥዎን ሰማሁ፤ ደግ አደረጉ። ማንም የሚጽፍበት፣ ማንም የሚያርመው መዝገብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ቶሎ እንዳይጽፉ ነው። አስቀድመው የቴሌግራም ግሩፕ ይክፈቱ። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጥ፤ ገንዘብ ባይኖርም ያለ ገንዘብ ያዥ ማኅበር ማኅበር አይመስልም። ቀጥሎ ስለ ዓርማው ቀለም ሁለት ሳምንት ይከራከሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳይወጡ የቀሩት ሦስት ሰዎች፣ የሚጽፉት እነሱ ናቸው። ሌላውን ሳያስቀይሙ ለማሰናበት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም።

ትልልቆቹም አጀማመራቸው እንዲሁ ጨዋታ ነበር። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያገላብጠው «አይኤምዲቢ» በ1990 እ.ኤ.አ. ኮል ኒድሃም የተባለው እንግሊዛዊና መሰሎቹ ፊልም ወዳዶች በኮምፒውተር ከሚለዋወጧቸው ዝርዝሮች የተነሳ ነው። ከዝርዝሮቹም አንዱ ዓይናቸው የሚያምር ተዋንያት ስም ነበር። ስምንት ዓመት ሳይሞላው አማዞን ገዛው። በዓይን ነገርማ እኛን ማን ሊያህለን! በከተማችን በፀዳ አንድ ስኒ ቡና ሳይበርድ አርባ ተዋናይት ከነቅንድቧ ትዘረዘራለች። «ላይትማኑ ማን ነበር?» ሲባል ግን የሚሰማው ጀበናው ሲንተከተክ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ረጅም ፊልማችን ርዕሱ ጥያቄ ነው፤ «ሂሩት አባቷ ማነው»። ከዚያ ወዲህ ኤዲተሩ ማነው፣ ሳውንድማኑ ማነው ሲባል መልስ የታጣላቸውን ፊልሞች ማን ይቁጠራቸው! ጥፋቱ የፊልም ሠሪዎቹ ብቻ አይደለም። ቪዲዮ ቤት ስም መውረድ ሲጀምር ባለቤቱ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ይከታል፤ እጁን ይያዙት። አውቶቡስ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ከጎንደር ሲነሱ የተከፈተው ፊልም አዘዞን ሲያልፉ መግቢያው አልቋል። ፀዳ ላይ የሚሳፈር ሰው የዳይሬክተሩን ስም ሳያነብ ያረጃል። እርስዎ ግን እስከ ጎንደር በባጃጅ ወደ ኋላ ተመልሰው ይሳፈሩ፤ ለዕውቀት ይህ ብዙ አይደለም።

ዓመተ ምሕረት ሲጽፉ ደግሞ ይጠንቀቁ። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት የወሰደው በ2008 ነው፤ በፈረንጅ። ሰባት ቀንሰው 2001 የሚሉ ይነሱብዎታል፣ ስምንት ቀንሰው 2000 የሚሉም። ሽልማቱ የተሰጠው ጳጉሜን 1 ቀን ስለሆነ ትክክሉ 2000 ነው። አምስት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ክርክሩ ይገላበጥ ነበር። ተሸናፊዎቹም አይክፋቸው፤ ያው ፊልም ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ወርቃማ ፈረስ ሲወስድ እኛ ዘንድ 2001 ገብቷል፣ እሷን ይውሰዱ። በበኩሌ ስለ ጤዛ ታሪክ ከተጻፈው ይልቅ በዚህች አንድ ዓመት ላይ የፈሰሰውን ቃል ባነብ ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ ሰው ፊልም ሲወድ እንዲህ ነው የሚያስታውቀው።

ፊደሉስ? ሠራዊት የሚለውን ስም አንዱ በንጉሡ ሠ ሌላው በእሳቱ ሰ ይጽፈውና አንድ ሰው ሁለት ገጽ ይወጣለታል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመራ ገጽ ያብጁ። በዚህ ጉዳይ ግን እኛ የፀዳ ሰዎች ባንጮኽ ይሻላል። ከተማችንን ራሷን በፀሐዩ ፀ የሚጽፍ አለ፣ በጸሎቱ ጸ የሚጽፍ አለ፣ ጠዳ ብሎ የሚገላግልም አለ።

«ምንጭ ይጥቀሱ» ይባላሉ። «አክስቴ ነግራኛለች» ምንጭ አይደለም፤ አክስትዎ የዳይሬክተሩን ጎረቤት ቢያውቁም። የባለሙያዎቹ ስም የሚጠቀሰው ከፊልሙ ከራሱ ነውና የቪዲዮ ቤቱን ባለቤት እጅ ይያዙ ያልሁት ለዚህ ነበር። የጻፉትን ሌሊት አንድ የማያውቁት ሰው ቢሰርዘው አይሳደቡ። «ጌታዬ፣ ተሳስተው እንዳይሆን» ብለው መልሰው ይጻፉት፤ እሱም «እርስዎ ተሳስተው እንዳይሆን» ብሎ መልሶ ይሰርዘዋል። አንቱታ ባለበት ጠብ ረጅም ነው፣ ስንቅ ይያዙ።

በመጨረሻም የላይትማኑን ስም አግኝተው፣ በትክክለኛው ፊደል ጽፈው፣ አስቀምጥ የሚለውን ሊነኩ ሲሉ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድመው በደብተር ይጻፉት።